«በማን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ወንድሜን አላሻለውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ አእምሮ ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በሚቀጥለው እትም አንድ አንባቢ የሰጡትን መልስም አነበብኩ። ጽሑፉ «ስኪዞፍሬኒያ 80 በመቶ በዘር የሚመጣ ነው» ይላል። አንባቢው ደግሞ «ዘር የሚባለው የሐኪሞች ሰበብ ነው፤ ሰውን የሚያሳብደው ኑሮ ነው» ብለው ጻፉ። በሁለቱም አልተስማማሁም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ጉዳዩ ቤታችን ድረስ የገባ ነው። ታላቅ ወንድሜ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ነው፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ያልሆነውን እንደሆነ የሚያሳምን ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው።

ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ያለቦታው ተቀምጦ ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር።

80 በመቶ የሚለው ራሱ ስህተት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ30 ሺህ በላይ የመንታ ጥንዶችን መዝገብ አገላብጦ 79 በመቶ ላይ ደርሷል። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። ቁጥሩ ስለ አንድ ታማሚ አይናገርም። «ከወንድሜ ሕመም አራት እጁ ከአባቱ፣ አንድ እጁ ከኑሮው መጣ» ማለት አይደለም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ይህ ልዩነት ምን ያህሉ ከወላጅ ከሚወረሰው ዘረመል (ጂን) ልዩነት ጋር አብሮ እንደሚሄድ የሚገምት ስሌት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ያው ጥናት ጋዜጣችሁ ያልጠቀሰው ሌላ ቁጥር አለው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ ተመሳሳይ መንቶች ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለቱ አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው ሌላውም የሚያዝበት ዕድል 33 በመቶ ነው። ተመሳሳይ ያልሆኑ መንቶች ከሆኑ 7 በመቶ። የቀደሙት ጥናቶች ለተመሳሳይ መንቶች ወደ 50 በመቶ የተጠጋ ግምት ይሰጡ ነበር። የትኛውንም ብንወስድ፣ ዘረመሉን ሙሉ በሙሉ ከሚጋሩት ሰዎች ቢያንስ ግማሾቹ አይታመሙም።

ታዲያ 79 እና 33 እንዴት አብረው ይሄዳሉ? እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በሕዝብ ደረጃ በሽታው የሚይዘው ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ነው። ከ1 ወደ 33 መዝለል ትልቅ ዝላይ ነው፤ ያ የዘሩ ጉልበት ነው። ከ33 እስከ 100 ያለው ክፍተት ደግሞ ዘር ብቻውን ሥራውን እንደማይጨርስ ያሳያል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በእነዚህ የመንታ ስሌቶች ውስጥ ዘርና የጋራ ኑሮ ተጋግዘው የሚያመጡት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በዘር ሒሳብ ይመዘገባል። ሁለት ሰው ያወጣውን ወጪ በአንዱ ስም እንደማወራረድ ነው። ደህና ኦዲተር ቢያየው አያሳልፈውም።

ደግሞም በዘር መጣ ማለት አይነካም ማለት አይደለም። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በሽታ አለ። ሙሉ በሙሉ የዘረመል በሽታ ነው። ካልታከመ የሕፃኑን አእምሮ ክፉኛ ይጎዳል። ግን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በደም ምርመራ ተለይቶ አመጋገቡ ከተስተካከለ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል። ዘረመሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያገኘው ነገር ነው።

አሁን ወደ አንባቢው ልምጣ፤ «ኑሮ ነው» ወዳሉት።

ወንድሜ የታመመው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። አባታችን ከሞተ ብዙ ወር አልሆነውም፤ ፈተናም ደርሶ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ አልጋውን ጎትቶ ከግድግዳው አራቀው። ከግድግዳው ጀርባ ሆነው ስሙን እየጠሩ የሚያሙት ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። አንድ ቀን ደብተሩን ገለጥኩት። የካልኩለስ ጥያቄ ይጀምርና መሃል ላይ ይተወዋል። ኅዳጉ ላይ ግን የመኪና ታርጋ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ታርጋ ከነሰዓቱ ነው የተጻፈው። ይከተሉኛል የሚላቸው መኪኖች ነበሩ። በጣም ንጹሕ አጻጻፍ ነበር፤ እኔ በሥራዬ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አላሰፍርም።

እናም አንባቢው ትክክል ይመስላሉ። አባት ሞተ፣ ፈተና መጣ፣ ልጁ ታመመ። ግን እኔም የዚያው አባት ልጅ ነኝ። ታናሽ እህታችንም እንዲሁ። እዚያው ቤት ነበርን። እኔም ፈተና ነበረብኝ። ከስቼ፣ አልቅሼ፣ ሌሊት እየባነንኩ ከርሜ ወጣሁት። እህቴም ወጣችው። ሐዘን ብቻውን የሚያሳምም ቢሆን ኖሮ ሦስታችንም አንድ ክፍል እንተኛ ነበር።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሊዮናርድ ሄስተን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አንድ ጥናት አሳተመ። እናቶቻቸው በስኪዞፍሬኒያ ታመው ሆስፒታል ሳሉ የተወለዱና ወዲያው ከእናቶቻቸው ተለይተው ያደጉ 47 ሰዎችን ፈልጎ አገኘ። ከእነሱ 5ቱ ስኪዞፍሬኒያ ይዟቸዋል። እንደነሱ ከእናታቸው ተለይተው ካደጉት፣ እናቶቻቸው ግን ጤነኛ ከነበሩት 50 ሰዎች አንድም አልታመመም። እነዚያ 5 ሰዎች ከታማሚ እናት ጋር አልኖሩም። ከእሷ ያገኙት ዘረመሉንና በማህፀን ያለፉትን ወራት ብቻ ነው። ዘሩን የሐኪም ሰበብ ነው ማለት አያስኬድም።

ይሁን እንጂ ከ47ቱ 42ቱ በዚያ በሽታ አልተያዙም። እዚህ ላይ ነው ፊንላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፔካ ቲኤናሪ የገባው። እሱም በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ነው ያጠናው። ግን የወለደቻቸውን እናት ብቻ አላየም፤ ያሳደጋቸውን ቤትም አየ። እናታቸው ታማሚ የነበረችና ጭቅጭቅ በበዛበት፣ ነገሩ ሁሉ በተዘበራረቀበት ቤት ያደጉት ልጆች ለስኪዞፍሬኒያና ለተቀራራቢ ሕመሞች በብዛት ተጋልጠው ተገኙ። ያው ዘር ይዘው ሰላም ባለው ቤት ያደጉት ግን አደጋቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። የቤተሰብ የሕመም ታሪክ የሌላቸው ልጆችስ? ቤቱ ቢከፋም ቢሻልም በእነሱ ላይ ያን ያህል ልዩነት አላመጣም። ክፉ ቤት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ወደዚህ የተለየ በሽታ አልመራቸውም ማለት ነው።

ስለ ድባቴም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዘሩ ድርሻ ከስኪዞፍሬኒያ ያነሰ ነው፤ 37 በመቶ ገደማ ነው የሚገመተው። የአእምሮ ሐኪሙ ኬኔት ኬንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ሴት መንታዎችን ያካተተ ነው። ከባድ የሚሏቸው ክስተቶች የቅርብ ሰው ሞት፣ ጥቃት፣ ከባድ የትዳር ችግርና መለያየት ነበሩ። ቁጥሮቹን ልጻፋቸው፤ ለእኔ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ነገሩን ያፍታቱልኝ እነሱ ናቸው። በዘር ተጋላጭነታቸው ዝቅተኛ የነበሩት ሴቶች፣ ምንም ከባድ ነገር ባልገጠማቸው ወር በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው 0.5 በመቶ ነበር። ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ የነበሩት 1.1 በመቶ። ከባድ ነገር በደረሰባቸው ወር ግን የመጀመሪያዎቹ 6.2 በመቶ፣ ሁለተኛዎቹ 14.6 በመቶ ሆኑ።

በሰላሙ ወር የሁለቱ ልዩነት ከአንድ በመቶ በታች ነው። ቢሯችሁ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አትለዩአቸውም። መከራ ሲመጣ ክፍተቱ ከ8 በመቶ በላይ ይሆናል። ግን ዘሩ የሌላትም ሴት አልተረፈችም፤ ከ0.5 ወደ 6.2 ወጥታለች፤ ከ12 እጥፍ በላይ ነው። «እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ሕመም የለም» እያለ ደረቱን የሚነፋ ሰው ይህቺን መስመር ደግሞ ቢያነባት ደስ ይለኛል።

ጽሑፋችሁ «የድባቴ ዘረመል ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመርም ነበረው። ይህ ዜና ጊዜ ያለፈበት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል ከሚደረግላቸው ሰዎች 847ቱ ተጠኑ። ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያመላልሰውን ፕሮቲን የሚመለከት አንድ ዘረመል አለ። የዚህ ዘረመል አጭር ዓይነት ያላቸው ሰዎች መከራ ሲደራረብባቸው ከሌሎቹ የበለጠ በድባቴ ተያዙ ተባለ። ነገሩ ያምራል፤ አንድ ዘረመል፣ አንድ መከራ፣ አንድ ሕመም። ዓለም ተቀበለው። ሌሎች ሊደግሙት ሲሞክሩ ግን እምቢ አለ። በ2009 14 ጥናቶችን የደመረ ትንተና ምንም አላገኘም። በ2019 ደግሞ በጣም ብዙ ሰዎችን የያዘ ሌላ ሥራ 18 ስመ ጥር «የድባቴ ዘረመሎችን» ፈተነ። በዘፈቀደ ከተነሡ ዘረመሎች የተሻለ ነገር አልነበራቸውም።

ዛሬ የሚታወቀው ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከ76 ሺህ በላይ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። እነዚህ እንኳ የነገሩ ጫፍ ናቸው። የአብዛኞቹ ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው፤ ለየብቻቸው ሚዛን አይደፉም። ሁላችንም ጥቂቶቹን ተሸክመናል። እናንተም፣ እኔም፣ መልሱን የጻፉት አንባቢም። ለዚህ ነው አብዛኞቹ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ወላጅም ሆነ ወንድም ወይም እህት ታማሚ የሌላቸው። ለዚህም ነው ዛሬ ማንም ላቦራቶሪ የሰውን ደም ወስዶ «አንተ ትታመማለህ፣ አንተ አትታመምም» ሊል የማይችለው። እንችላለን የሚል ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጫና ሲባልም ፈተናና ሐዘን ብቻ አይደለም። ገና ከመወለድ በፊት ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የብርድ ወራት፣ ሆላንድ ውስጥ ከባድ ረኃብ ነበር። ረኃቡ በበረታበት ወቅት የተፀነሱት ልጆች ካደጉ በኋላ በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በልጅነት መደብደብ፣ መደፈር፣ መጣል፣ በእኩዮች መንገላታት አደጋውን ይጨምራሉ። በወጣትነት ካናቢስ ማጨስም ይጨምራል፤ በተለይ ጠንካራውን ዓይነት በየቀኑ። የሚጀምርበት ዕድሜም ያለ ነገር አይደለም። በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ አንጎል የማይፈልጋቸውን የነርቭ ግንኙነቶች ያሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሥራ ሲ4 የሚባለው ዘረመል አንዳንድ ዓይነቶቹ ይህን ማሳሳት ከልክ በላይ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ጠቁሟል። እንግዲህ አስቡት። አንጎሉ ሥራ ላይ ባለበት ዕድሜ ነው ወጣቱ ቤት ለቆ የሚወጣው፣ ፈተና የሚወጥረው፣ ፍቅር የሚይዘው፣ ሲጋራም ሌላም የሚሞክረው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለዕውቀት ፍቅር ብዬ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ዘር ቆጠራ ስለተጀመረ ነው።

ወንድሜ መጀመሪያ ሆስፒታል የተኛ ሰሞን ቤተዘመድ ተሰበሰበ። የአባቴ እህት «እኛ ዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አሉ። እናቴ ዝም አለች። ሁሉም ሲሄዱ ግን «ያ ብቻውን ይኖር የነበረው የአባትሽ አጎት ምን ነበር ታዲያ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀጠለ። ለዓመታት። አንዱ ወገን ሌላው ላይ ያላክካል። ወንድሜ በተኛበት ክፍልና በሳሎኑ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስለ እሱ የሚያወሩ ድምፆች ከግድግዳው ጀርባ ይሰማኛል ሲል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እውነቱን ነበር።

እናቴን የበለጠ የሰበራት አንድ ሐኪም ነው። ስሙን አልጠራም። «በደም ያለ ነገር ነው እናቴ፤ ምንም ማድረግ አይቻልም» አላት። እንደዚያ ብሎ ወረቀቱን ፈረመና ቀጣዩን ታማሚ ጠራ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶግራፍ አልበም ስታገላብጥ የምትፈልገው ፊት ሳይሆን ጥፋተኛ ነበር።

ጥፋተኛ ፍለጋው የእኛ ቤት ፈጠራ አይደለም። ሐኪሞቹ ራሳቸው አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባለች ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም ስኪዞፍሬኒያን የምታመጣ እናት አለች ብላ ጻፈች፤ ቀዝቃዛና ተጫኝ እናት። ለአሥርት ዓመታት ልጆቻቸው የታመሙባቸው እናቶች በዚህ ተሰቃዩ። ሐሳቡ ማስረጃ አላገኘም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ናዚዎች ነበሩ። በ1933 ባወጡት ሕግ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ጨምሮ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በግድ አመከኑ። ቀጥሎም የአእምሮ ታማሚዎችን በአሥር ሺዎች ገደሉ። ዘሩን እናጠፋለን ብለው ነበር። በሽታው ግን ከጀርመን አልጠፋም፤ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱትም ታመዋል። እናትን የከሰሰውም፣ ዘርን የከሰሰውም አንድ ምክንያት ብቻ ነው የፈለገው።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ደረስኩ። ዘረመሉን መለወጥ አንችልም። የአባታችንን ሞትም መመለስ አንችልም። በእጃችን የቀረው ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚገባበት ቤት ነው። ስለዚህ ቤት ደግሞ የጋዜጣችሁ ጽሑፍም አንባቢውም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እንግሊዝ ውስጥ ክሪስቲን ቮንና ጁልያን ሌፍ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ጥናት አሳተሙ። መሠረቱን የጣለው ከእነሱ በፊት ጆርጅ ብራውን የተባለ የማኅበረሰብ አጥኚ ነው። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎችን ቤተሰቦች አነጋገሩ። ሦስት ነገሮችን ለኩ፤ ነቀፋ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ። ከዚያ ታማሚዎቹ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ለ9 ወር ተከታተሉ። የእነሱና ብራውን ቀደም ብሎ ያጠናቸው ታማሚዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ እነዚህ ነገሮች በበዙበት ቤት ከገቡት 51 በመቶው ሕመሙ አገረሸባቸው። ረጋ ባለ ቤት ከገቡት 13 በመቶው ብቻ። ጭቅጭቅ ባለበት ቤት ታማሚው በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት የሚውል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ውጤቱ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል።

እዚህ ላይ ተጠንቅቄ ልጻፍ። ጥናቱ ቤተሰቡ በሽታውን አመጣው አይልም። አንዴ የታመመን ሰው መልሶ የሚጥለው ምንድነው ነው የሚለው። ቤተሰብም የሚጨቀጭቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስለደከመው፣ ስለፈራና ማንም ስላላስረዳው ነው።

እኛ ቤት ከሦስቱ ሁለቱ ሞልተው ተርፈው ነበር። ነቀፋው የአጎቴ፣ መንሰፍሰፉ የእናቴ። አጎቴ አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱ ኃላፊ ናቸው። ጠዋት የወንድሜን በር ገርበብ ያደርጉና «አንተ ልጅ፣ ዛሬም? ፀሐይ አናትህ ላይ ወጣች እኮ!» ይላሉ። ወንድሜ አይመልስም። ወደኛ ዞረው «ስናገረው አይመልስም፤ ንቀት ነው ይሄ» ይላሉ። ማታ ደግሞ «እኔ በሱ ዕድሜ ቤት አስተዳድር ነበር» የሚለው ይመጣል። እናቴ በበኩሏ ክኒኑን እጁ ላይ ታስቀምጣለች፤ አፉን ከፍቶ ምላሱን አንሥቶ እስኪያሳያት ትጠብቃለች። ሽንት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ትቆማለች። ጓደኛ ስልክ ሲደውልለት ቀድማ የምታነሣው እሷ ናት።

አልጋ ላይ መዋል፣ አለመመለስ፣ ፊት አለማሳየት ስንፍና አይደለም። የበሽታው ሌላው ገጽ ነው፤ ድምፅ ከመስማቱ የበለጠ የሚቆይም እሱ ነው። የመድኃኒቱ ማደንዘዝም ይጨመርበታል። ይህን የነገረችን ሁለተኛ ጊዜ ተኝቶ ሲወጣ አንዲት ነርስ ናት። ሁላችንንም አስቀምጣ፣ አጎቴንም ጭምር፣ ወንድሜም ባለበት አስረዳችን። ማንንም አልወቀሰችም። «ከስንት አንዴ ይናገራል?» ብላ አጎቴን ጠየቀቻቸው። «አይናገርም» አሉ። «እርሶስ ዝም ብለው ያውቃሉ?» አለቻቸው። ወንድሜ ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አጎቴን ዝም ማሰኘት እንደማይሆን ስለገባን ሥራ ሰጠናቸው። ማታ ማታ ከወንድሜ ጋር ይራመዳሉ። ሁለት ነገር አይነሣም፤ ሕመሙና ሥራው። ስለ እግር ኳስ የፈለጉትን ያህል ይናገራሉ፤ ወንድሜ የሰላሳ ዓመት የጨዋታ ውጤት በቃሉ ይዟልና ሲሳሳቱ ያርማቸዋል። እናቴና ወንድሜ ክኒኑን በሳምንት አንድ ቀን አብረው በቀን በቀን በተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ ይደረድሩታል። እሷ የምታየው ማታ ሳጥኑን ብቻ ነው፤ አፉን አይደለም። አንድ ነገር እንዲያደርግ ስንፈልግ አንድ ሰው፣ አንድ ነገር፣ በአጭሩ ይለዋል። ካላደረገው ያልፋል። እሱም ግማሽ ቀን መጽሐፍ መጠረዝ ጀመረ። ደሞዙ ምንም ቢሆን፣ ከቤት የሚርቅባቸው ሰዓታት ለሁላችንም ትንፋሽ ሰጡን።

ምልክቶቹንም ከእሱው ጋር ተስማምተን ለይተናል። የክፍሉ መብራት ሌሊት ተከታትሎ ካደረ፣ ወይም ታርጋ መጻፍ ከጀመረ፣ ሐኪሙ ጋ ይደወላል። ይህን የወሰነው እሱ ራሱ ነው።

ድኗል አላልኩም። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ያቋረጠ ጊዜ አገርሽቶበታል፤ እርጋታችን ክኒኑን አይተካም። አንባቢው «ኑሮ ነው» ሲሉ የምፈራው አንዱ ይህን ነው። ኑሮ ብቻ ከሆነ መድኃኒት ምን ያደርጋል ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል። ጽሑፋችሁ «80 በመቶ ዘር» ሲል ደግሞ የምፈራው ሌላውን ነው። እንደዚያ ሐኪም፣ ምንም ማድረግ አይቻልም ብሎ ቤቱን እንዳለ የሚተው ቤተሰብ ይኖራል።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጋዜጣችሁን አይታ «እኔስ?» አለችኝ። አጎቷ ታማሚ የሆነ ልጅ ዕድሏ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው፤ ከ100 ሰው ወደ 3 ወይም 4 ሰው ይጠጋል። ይህንኑ ነገርኳት። ከ100ው 96ቱ ያህል አይታመሙም አልኳት። እሷ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ ናት። «አራቱ ውስጥ ከሆንኩስ?» አለች። ካናቢስ ለሌላው ልጅ ከሚያደርገው የበለጠ ለእሷ ሊከፋ እንደሚችል፣ እንቅልፍ ተከታትሎ ሲጠፋ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ከሰማች ወይም ካየች በመጀመሪያው ሳምንት እንድትነግረኝ ነገርኳት። ቀድሞ መታከም የጀመረ ሕመም ዘግይቶ ከታከመው የተሻለ ውጤት አለው። «ለማን ልንገር፣ ላንቺ ወይስ ለአጎቴ?» አለች። ለአጎቷ መንገር ትችላለች። ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጣዩን ጽሑፍ ስታዘጋጁ አንድ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ስለሚገባባቸው የመጀመሪያ ወራት ጻፉ። ነርሶችን ጠይቁ፤ ፕሮፌሰሮቹን ብቻ አትጠይቁ። ታማሚዎቹን ራሳቸውን ጠይቁ። ወንድሜ ስሙ ካልወጣ ፈቃደኛ ነኝ ብሏል። አጎቴም ፈቃደኛ ናቸው፤ እሳቸው ግን ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ